የጉም አምባ ጉልላት አልከፈት ያለ ዕለት

ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

ጉም አምባ በሚባል ተራራ ጫፍ ላይ ነጭ ጉልላት ያለው ቤት ነበር። በጉልላቱ ሥር አንድ ቴሌስኮፕ ነበር። ሰው ሁሉ ሲተኛ ከዚያ ቴሌስኮፕ ጋር የምታድር፣ ማስተዋል የምትባል ተመራማሪም ነበረች። ማስተዋል የፈለገችው ብዙ አልነበረም። ሹመት አልፈለገች፣ ሙገሳ አልፈለገች። አንዲት የምትከስም ብርሃን ጨርሳ ከመጥፋቷ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ፈለገች፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ብርሃኗ እንዲህ ናት። እጅግ በራቀ ሰማይ፣ ይቺ ምድራችን ገና ሳትፈጠር፣ አንዲት ግዙፍ ኮከብ ሞተች። ስትሞት ከውስጧ የወጣው የጋማ ጨረር ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከብልጭታው በኋላ ግን እንደ ፍም ቀስ እያለ የሚከስም ብርሃን ቀረ። ሁለቱም ያን ሁሉ ዘመን ሲጓዙ ኖረው እኛ ዘንድ የደረሱት ትናንት ረፋድ ላይ ነበር። በሕዋ ላይ ያለች ሳተላይት ብልጭታውን አይታ ለዓለም ሁሉ መልእክት በተነች፤ የማስተዋልም ስልክ ጮኸ።

ትናንት ማታ ግን ለማየት አልሆነላትም። በጉም አምባ ላይ ወራት ሙሉ ጠፍቶ የነበረ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደ። መብረቁ የመብራቱን ምሰሶ ጣለ፣ የግቢውን ጄኔሬተርም አቃጠለ። ብርሃኗን ያዩአት በሌላ አገር ያሉ ቴሌስኮፖች ነበሩ። ዛሬ ደግሞ በምሥራቅ ያሉት በደመና ተሸፈኑ፣ በምዕራብ ያሉት ገና ቀን ላይ ናቸው፣ እስኪመሽላቸውም ብርሃኗ ላትቆይ ትችላለች፤ በመካከል የቀረው ጉም አምባ ብቻ ነው። ጠዋት ከሌሎቹ የደረሳት መልእክት፣ «ዛሬ ምሽት ከእናንተ በቀር የሚያያት የለም፤ እባካችሁ» ይላል።

እንዲህ ያለች ብርሃን በዝግታ ስትደበዝዝ ቆይታ ድንገት ቁልቁል ትወርዳለች። ያ ቁልቁለት መቼ እንደጀመረ ያወቀ፣ ኮከቧ እንዴት እንደሞተች ማወቅ ይጀምራል። ቁልቁለቱ ዛሬ ሊሆን ይችላል። ብርሃኗ ደግሞ ፀሐይን ተከትላ የምትጠልቅ ናት፤ ከጀምበር መግባት በኋላ ብዙ አትቆይም። ማስተዋልን ከዚህ በፊት እንዲህ ያሉ ሁለት ብርሃኖች አምልጠዋታል፤ አንዷ በደመና፣ አንዷ በተቃጠለ ገመድ። ሁለተኛዋ ባመለጠቻት ቀን ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ አልቅሳለች።

ሰማዩ ዛሬ ጥርት ብሏል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጉልላቱ ቤት ገባችና ማስነሻውን ተጫነች። ምንም የለም። በእጇ ገፋች፣ በትከሻዋ ገፋች፣ በጀርባዋ ተደግፋ ገፋች። ጉልላቱ አልከፈት አለ። ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗም እየከሰመች ነው።

ጉልላቱን የሚከፍተው ሞተር ነው። ሞተሩን ነካካችው፣ ጠራረገችው፣ ለመነችው። ሞተሩ አልዞር አለ። ያለ መብራት ምን ያዙረው? መብራት ካልመጣ ሞተሩ አይዞር፤ ሞተሩ ካልዞረ ጉልላቱ አይከፈት፤ ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗም እየከሰመች ነው።

መብራቱን የሚያመጣ ሌላ ጄኔሬተር አለ። ሾፌሩ ይርዳው በማለዳ ወደ ከተማ ወርዶ በትውስት ሊያመጣው ሄዷል። እስካሁን መምጣት ነበረበት። ማስተዋል ከገደሉ አፋፍ ቆማ ቁልቁል አየች። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ፒክአፑ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቆሟል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቁልቁል ሮጠች።

ይርዳው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጄኔሬተሩ ከኋላ ታስሯል።

«ምን ሆንክ ይርዳው?»

«ጎማው ሰመጠ። ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ቅጠል አነጠፍኩ፣ ጃኬቴንም አነጠፍኩ። ይኸው፣ ጃኬቴም ሰመጠ።»

«ጄኔሬተሩን ተሸክመን ብንወጣስ?»

«ይህንን? ስንጭነው ስድስት ጎረምሳ ነው ያቃሰተው። ይልቅ በሬ ፈልጊ። በሬ ነው የሚያወጣን።»

መኪናው ከጭቃው አልወጣ አለ። መኪናው ካልወጣ ጄኔሬተሩ አይደርስ፤ ጄኔሬተሩ ካልደረሰ መብራት አይመጣ፤ መብራት ካልመጣ ሞተሩ አይዞር፤ ሞተሩ ካልዞረ ጉልላቱ አይከፈት፤ ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗም እየከሰመች ነው።

ከመንገዱ ማዶ የአያ ይመር ቤት ነው። አያ ይመር በሬ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ በሬዎች አጠገባቸው ተኝተዋል።

«እንዴት ዋሉ አያ ይመር?»

«አልሐምዱ ሊላህ። እናንተም ወደ ታች ትወርዳላችሁ ለካ?»

ማስተዋል ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። በሬዎቹ መኪናውን እንዲያወጡ፣ መኪናው ጄኔሬተሩን እንዲያደርስ፣ ጄኔሬተሩ መብራት እንዲያመጣ፣ መብራቱ ሞተሩን እንዲያዞር፣ ሞተሩ ጉልላቱን እንዲከፍት፣ ቴሌስኮፑ እንዲያይ። አያ ይመር እስክትጨርስ አዳመጧትና በሬዎቹን በአገጫቸው አመለከቱ።

«እነዚህ አይጎትቱም ልጄ።»

«ለምን?»

«ውሃ አልጠጡም። ምላሳቸው ደርቋል። እንኳን መኪና ራሳቸውንም አይጎትቱ።»

«ትናንት ዘንቦ የለም እንዴ?»

«ዘንቧል። መሬቱም ከእኛ በላይ ጠምቶት ነበርና ጠጣው። ከብት የሚያጠጣው ያ ከላይ ያለው ምንጭ ነው። እሱን እናንተ አጠራችሁት። አሁን በዙሪያ ዞረን ነው እታች ወንዝ የምንወርደው። ባለፈው ሳምንት ላሜ በዚያ ገደል ተንሸራትታ ቀረች።»

ማስተዋል አጥሩን በየቀኑ ታየዋለች። የመሣሪያዎቹን ገመድ ከብት እንዳይረግጠው የታጠረ መሆኑን ታውቃለች። በውስጡ ምንጭ መኖሩን፣ ምንጩም የማን እንደነበረ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«አላወቅሁም አያ ይመር» አለች።

«ከየት ታውቂው? ዓይንሽ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው» አሉ አያ ይመር። አልተቆጡም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «ክፉ ሰው እንዳልሆንሽማ ፊትሽ ይናገራል። በሩን አስከፍቺልኝ። ይጠጡ፣ ከዚያ መኪናሽን ያወጣሉ።»

በሬዎቹ ሳይጠጡ አልጎትት አሉ። በሬዎቹ ካልጎተቱ መኪናው አይወጣ፤ መኪናው ካልወጣ ጄኔሬተሩ አይደርስ፤ ጄኔሬተሩ ካልደረሰ መብራት አይመጣ፤ መብራት ካልመጣ ሞተሩ አይዞር፤ ሞተሩ ካልዞረ ጉልላቱ አይከፈት፤ ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗም እየከሰመች ነው።

ዳገቱን መልሳ ወጣች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ተጋድማለች። የአጥሩ በር ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ አጠገቡ የጥበቃው ጋሽ ካሴ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል። ጋሽ ካሴ የዚያው መንደር ሰው ናቸው። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ ከአያ ይመር ጋር ሰላምታ ተቋርጠዋል።

«ጋሽ ካሴ፣ እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ። በሩ ካልተከፈተ በሬዎቹ አይጠጡ፤ በሬዎቹ ካልጠጡ…»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ትንፋሽሽ ይመለስ።»

«በሬዎቹ ካልጠጡ መኪናው አይወጣ፤ መኪናው ካልወጣ ጄኔሬተሩ አይደርስ፤ ጄኔሬተሩ ካልደረሰ መብራት አይመጣ፤ መብራት ካልመጣ ሞተሩ አይዞር፤ ሞተሩ ካልዞረ ጉልላቱ አይከፈት፤ ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗ እየጠፋችብኝ ነው ጋሽ ካሴ!»

ጋሽ ካሴ ኪሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ቁልፉ እዚያ ነው።

«ዶክተር አምሳሉ ሳያዝዙ ይህን በር አልከፍትም። ከብት አንድ እግሩን ካስገባ አንተም ሁለቱን እግርህን ይዘህ ትወጣለህ ብለውኛል። አምስት ልጆች አሉኝ። ደውይላቸውና ይዘዙኝ።»

ጋሽ ካሴ ቁልፉን አልሰጥ አሉ። ምን ታድርግ? መብራት ከጠፋ ወዲህ ስልክ የሚሠራው ከተራራው ትከሻ ላይ ብቻ ነው። ማስተዋል እየቧጠጠች ወጣች። ዶክተር አምሳሉ የቦታው ኃላፊ ናቸው፤ ስልኩ ብዙ ጠርቶ አነሡት።

«ስብሰባ ላይ ነኝ፤ አጠር አድርጊው።»

እንዴት ይጠር? «ጋሽ ካሴን ይዘዙልኝ፤ ቁልፉን ይስጡኝ፤ በሩ ይከፈት፤ በሬዎቹ ይጠጡ፤ መኪናው ይውጣ፤ ጄኔሬተሩ ይድረስ፤ መብራት ይምጣ፤ ሞተሩ ይዙር፤ ጉልላቱ ይከፈት፤ ቴሌስኮፑ ይይ!»

«ቆይ፣ ቆይ። በሬ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ በሬ።»

«እኔ ስለ ቴሌስኮፕ የምታወሪኝ መስሎኝ። ባለፈው ዓመት ከብት ገብቶ ገመዱን የበጠሰውን ረሳሽው? ያንን አጥር በስንት ልመና ነው ያሳጠርኩት።»

«ዛሬ ብቻ ነው ዶክተር።»

«ዛሬ ከከፈትሽው ነገ ማን ይዘጋዋል? ሰኞ ኮሚቴው ይሰብሰብና እንነጋገርበት።»

«ሰኞማ ብርሃኗ የለችም! የሞተች ኮከብ ብርሃን እኮ ናት።»

«ከሞተች ታዲያ ምን ያስቸኩላል?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ማስተዋል መልሳ ደወለች። አልተነሣም። መልሳ ደወለች። ስልኩ ጨርሶ ጠፍቷል።

ዶክተሩ አልፈቅድ አሉ። ዶክተሩ ካልፈቀዱ ጋሽ ካሴ ቁልፉን አይሰጡ፤ ቁልፉ ካልተሰጠ በሩ አይከፈት፤ በሩ ካልተከፈተ በሬዎቹ አይጠጡ፤ በሬዎቹ ካልጠጡ መኪናው አይወጣ፤ መኪናው ካልወጣ ጄኔሬተሩ አይደርስ፤ ጄኔሬተሩ ካልደረሰ መብራት አይመጣ፤ መብራት ካልመጣ ሞተሩ አይዞር፤ ሞተሩ ካልዞረ ጉልላቱ አይከፈት፤ ጉልላቱ ካልተከፈተ ቴሌስኮፑ አያይ። ብርሃኗም፣ ወይ ብርሃኗ፣ እየከሰመች ነው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እንባዋም አልመጣ አለ። ብርሃኗ ያለችበትን የሰማይ ጥግ ታውቀዋለች፤ ፀሐይ ስላለች ግን ምንም አይታይም፤ ሰማያዊ ባዶ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስትጓዝ ማንም አላቆማት፣ ምንም አልጋረዳት። አሁን እዚህ፣ አንዲት ሴት ፊት ደርሳ፣ በአንድ ጓጉንቸር ልትቀር ነው። ነገ ሌሎቹ፣ «ጉም አምባ ምን አያችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። «በሬ ውሃ ስላልጠጣ ምንም አላየንም» ብላ ልትመልስላቸው ነው? ወደዚህ ተራራ ለምን መጣች? ከዚህ በፊት ሁለት አመለጧት፣ ይቺ ሦስተኛዋ ናት፤ አራተኛዋም ታመልጣታለች፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር አንድን ነገር እየያዘ፣ ያም ሌላውን እየያዘ። «ይብቃኝ» አለች። ለማንም አልነበረም የተናገረችው። ይርዳውን ተመለስ ልትለው፣ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ተነሣች።

ያኔ ነው የበሬ ድምፅ የሰማችው።

አያ ይመር እሷን አምነው በሬዎቹን እየነዱ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። በሬዎቹ የውሃው ሽታ ደርሷቸው አፍንጫቸውን በሽቦው መካከል ሰክተው ያቃስታሉ። አንደኛው የሽቦውን ዝገት ይልሳል። አያ ይመርና ጋሽ ካሴ ግራና ቀኝ ቆመው አይተያዩም።

ማስተዋል ሽቦውን የሚልሰውን ምላስ አየች። ስለ ብርሃኗ ቢሆን ኖሮ ትታው ነበር፤ ልቧ ተሰብሮ አልቋል። ይህን ግን አይታ ማለፍ አልቻለችም። ወደ ጋሽ ካሴ ቀረበች።

«ዶክተሩ ምን አሉ?»

ፈቅደዋል ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር።

«እምቢ አሉ» አለች። «እኔ ግን ልከፍተው ነው። ቁልፉን ይስጡኝ። ሲጠይቁዎት ነጥቃኝ ነው ይበሉ።»

«ነጥቃኝ?» ጋሽ ካሴ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «አንቺን? ማን ያምነኛል?»

«እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።»

በሬው እንደገና አቃሰተ። ጋሽ ካሴ ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡ፣ በመዳፋቸው አገላበጡት፣ ከዚያ ከበሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው አኖሩት።

«ሚስቴም በዚያ ገደል ነው ውሃ የምትቀዳው» አሉ፤ ለአያ ይመር ይሁን ለማስተዋል አይታወቅም። «እኔ… ከጓሮ ደርሼ ልምጣ። ዕቃ የትም ስረሳ ነው የምውለው።» ጀርባቸውን አዙረው ሄዱ።

እንግዲህ ስሙ! ጋሽ ካሴ ቁልፉን ረሱ፤ ቁልፉ በሩን ከፈተ፤ በሩ በሬዎቹን አሳለፈ፤ በሬዎቹም ውሃውን ጠጡ። ጠጡ፣ ጠጡ፣ ጠጡ። ማስተዋል በአንድ ዓይኗ ፀሐይዋን፣ በአንድ ዓይኗ በሬዎቹን ታያለች፤ ፍጠኑ አይባሉ ነገር። ጠጥተው ራሳቸውን ሲያነሡ ጀምበር ገብታለች። በሬዎቹ መኪናውን ጎተቱ፤ ገመዱ ተወጠረ፣ ይርዳው ጮኸ፣ አያ ይመር ጅራፋቸውን አጮሁ። መኪናው ከጭቃው ወጣ። መኪናው ጄኔሬተሩን አደረሰ፤ ጄኔሬተሩ መብራቱን አመጣ፤ መብራቱ ሞተሩን አዞረ፤ ሞተሩ ጉልላቱን ከፈተ፤ ቴሌስኮፑም ዓይኑን ወደ ምዕራብ አዞረ።

ግን መሽቷል። የሰማዩ ጥግ ከማዶው ተራራ ጫፍ ጋር ሊነካካ ነው። ማስተዋል ካሜራውን ከፈተች። በመጀመሪያው ምስል ላይ የምሽቱ ወጋገን ሁሉን ሸፍኗል፤ ምንም የለም። በሁለተኛው ምስል ላይ ኮከቦች ወጡ፤ ብርሃኗ መኖር ባለባት ቦታ ግን ጨለማ ነው። ሦስተኛውን አነሣች። አራተኛውን ልታነሣ ስትል ተራራው ገባና ሰማዩን ጋረደው። አበቃ።

አያ ይመር ጅራፋቸውን እንደያዙ ከበሩ ቆመዋል። ይርዳው ከኋላቸው አለ። ማስተዋል ሦስቱን ምስሎች አንዱን ባንዱ ላይ ደመረቻቸው። ከዚያ ያንኑ ቦታ ድሮ የተነሣ ምስል አውጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየች።

ከሁለት ኮከቦች መካከል፣ በድሮው ምስል ላይ በሌለችበት ቦታ፣ ከአቧራ የማትበልጥ ነጥብ ነበረች። ከጠበቀችው በላይ ደብዝዛለች፤ ቁልቁለቱን ጀምራለች። የነገው ማታ አያገኛትም፣ ማንም ሰው ከእንግዲህ እንዲህ አያያትም። ሰኞ ዶክተሩ ሲመጡ ምን እንደሚሏትም ታውቃለች። ማስተዋል እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከሰዓት ጀምሮ አልመጣ ያላት እንባ አሁን መጣ።

አያ ይመር ስታለቅስ አይተው ደነገጡ።

«የለችም ወይ ልጄ?»

ማስተዋል ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፤ እንዳይነካት የፈራች ይመስል ከነጥቧ ትንሽ ራቅ አድርጋ።

«አለች።»

ወሬዬ እዚህ ላይ አረፈ፤ እናንተም ዕረፉ።